ያላለፈ አይጫወትም፦ የአንድ ደንብ ታሪክ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አሜሪካ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ልጆች ሃይስኩል መግባት ጀምረዋል። (እኔ አላረጀሁም፣ እናንተ ናችሁ ቶሎ የወለዳችሁ።) በውስጥ መስመር ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ቲቸር፣ ልጄ ለትምህርት ቤቱ ኳስ ልጫወት ቢል የወረቀት ክምር ሰጡን። የሐኪም ምርመራ፣ የልደት ማስረጃ፣ የት እንደምንኖር፣ ከየት ትምህርት ቤት እንደመጣ፣ ነጥቡ ስንት እንደሆነ። ኳስ ለመምታት ይህ ሁሉ ለምን?»

ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት በሆነ ዘመን አንድ ሰው አጭበርብሮ ወይም አንድ ሰው ተገፍቶ የመጣ ነው። የምነግራችሁ በአብዛኛው ስለ ቴክሳስ ነው፤ ምክንያቱም የነገሩ ጣጣ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ የወጣበት ቦታ አላውቅም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ሲጀመር የትምህርት ቤት ስፖርት የመምህራን ጉዳይ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ሃይስኩል ተማሪዎች ቡድኑን የሚያቋቁሙት፣ ገንዘብ የሚያዋጡት፣ ግጥሚያ የሚይዙት ራሳቸው ነበሩ። ታዲያ ማሸነፍ ሲፈልጉ ምን ያደርጋሉ? ጎረምሳ ይከራያሉ። ሥራ ያለው፣ ጢም ያወጣ፣ አንዳንዴም የዚያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ማሊያ ለብሶ ይገባል። ቀበሌ ለቀበሌ ሲጫወት «ያ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጣ?» ብላችሁ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል።

መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ጣልቃ የገቡት በዚህ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ ዊስኮንሲን ቀደመች፤ ኢሊኖይ በ1900፣ ኢንዲያና በ1903 ተከተሉ። በ1920 ደግሞ ኢሊኖይ፣ ኢንዲያና፣ አይዋ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን ተሰብስበው ዛሬ አገር አቀፍ የሆነውን የሃይስኩል ማኅበራት ፌዴሬሽን መሠረቱ። አንዱ ሥጋታቸው ዩኒቨርሲቲዎችና ክለቦች እየጠሩ የሚያዘጋጁት ውድድር ነበር፤ ልጆቹን ከትምህርት ገበታ ወስደው የነሱ መነገጃ እንዳያደርጓቸው ፈሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ሲጨመቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የሚጫወተው ተማሪ መሆን አለበት። ቀላል ይመስላል አይደል? «ተማሪ ማን ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው ጉዱ የሚጀምረው።

ዕድሜን እንውሰድ። በቴክሳስ ደንብ የትምህርት ዘመኑ በሚጀምርበት ሴፕቴምበር 1 ላይ 19 ዓመት የሞላው ተማሪ አይጫወትም። 9ኛ ክፍል ከገባበት ጊዜ ጀምሮም የሚፈቀድለት 4 ዓመት ነው። ሃሳቡ ትክክል ነው፤ የ20 ዓመት ጎልማሳ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ተንደርድሮ ሲወድቅ ጨዋታ አይደለም። ግን ከስደት ለመጣ ልጅ አስሉት። የልደት ቀኑ በትክክል የማይታወቅ ስደተኛ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ይሞላለታል። በ2006 ኦክቶበር፣ በእኛ ጥቅምት ላይ የተወለደ ልጅ በትክክለኛ ቀኑ ቢቆጠር በ2025 ሴፕቴምበር ገና 18 ነው፣ ይጫወታል። ወረቀቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ካለ ግን 19 ሞልቶታል፣ ተቀምጦ ያያል። አንድ የጨዋታ ዓመት በጸሐፊ ብዕር ሄደ። የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ በእኛ አቆጣጠር «2002» ተብሎ የተጻፈውን ልደት ፈረንጁ እንዳለ ካነበበው ልጁ በአንድ ሌሊት 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። እባካችሁ ወላጆች፣ ወረቀት ስትሞሉ አቆጣጠሩን አስተካክሉ።

ከዚያ የዝውውር ደንብ አለ። ጥሩ ተጫዋች ከጎረቤት ትምህርት ቤት እንዳይነጠቅ፣ ቀድሞ የተጫወተ ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር አንድ ዓመት ይቀመጣል ተባለ። የቴክሳስን ውድድር የሚመራው ማኅበር ዩአይኤል ይባላል፤ በ1910 ሲመሠረት የክርክር ውድድር ማኅበር ነበር፣ ኳስ በኋላ ነው የመጣው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሱሊቫን የሚባል ልጅ ቤተሰቡ ከቨርሞንት ወደ ቴክሳስ ኦስቲን ሲዛወር አብሮ መጣ። ቅርጫት ኳስ መጫወት ፈለገ፣ ተከለከለ። ልብ በሉ፤ አባትና እናቱ ናቸው አገር አቋርጠው የተዛወሩት፣ ማንም አላስኮበለለውም። ደንቡ ግን ለማስረዳት እንኳ ዕድል አይሰጥም ነበር። ነገሩ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1981 ፍርድ ቤቱ ይህን ዓይነቱን ጭፍን ክልከላ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም አለ።

ያገባ ተማሪ አይጫወትም የሚል ደንብም ነበር። አዎ፣ ያገባ! ሎን ኦክ በሚባል የቴክሳስ ወረዳ የነበረው ክልከላ በ1974 በፍርድ ቤት ወደቀ።

የሴቶቹ ይለያል። ሚኒሶታ ውስጥ ሴት ልጅ በወንዶች ቡድን እንዳትሳተፍ ደንቡ በግልጽ ይከለክል ነበር፤ በትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ባይኖርስ? አይመለከተውም። ሁለት ልጃገረዶች፣ አንዷ በቴኒስ ሌላዋ በሩጫና በበረዶ ሸርተቴ፣ ከስሰው በ1972 አሸነፉ፤ በይግባኙም በ1973 ረቱ። በዚያው 1972 ታይትል 9 የሚባለው የፌዴራል ሕግ ወጣ። ከሕጉ በፊት በመላው አሜሪካ በሃይስኩል ስፖርት የሚሳተፉ ሴቶች 294 ሺህ ገደማ ነበሩ፣ ወንዶቹ ግን ከ3 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ። ዛሬ ሴቶቹ ከ3 ሚሊዮን አልፈዋል። ያ ሁሉ ሴት በ1971 ስፖርት የማይወድ ሆኖ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ደንብ ግን ስለ ልጁ ምንም የማይጠይቀው ነው። የዩአይኤል አባል መሆን የሚችለው የነጮች የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ጥቁር ተማሪ ዕድሜው ቢሟላ፣ ነጥቡ 100 ቢሆን፣ በመንደሩ ቢወለድ ከበሩ አያልፍም። ስለዚህ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች በ1920 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ፕሬሪ ቪው የሚባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ማዕከላቸው ሆነና ማኅበሩ በዚያ ስም ታወቀ። «ነጭ» የምትለዋ ቃል ከዩአይኤል ደንብ የተሰረዘችው በ1965 ነው። በ1970 የጥቁሮቹ ማኅበር ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ።

በ1983 የቴክሳስ ገዥ ማርክ ዋይት የትምህርቱን ሁኔታ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ሮስ ፔሮ የሚባለውን የኮምፒውተር ባለጸጋ ሊቀመንበር አደረገው። በኋላ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሰውዬ ነው። ፔሮ አገሩን እየዞረ የደረሰበት መደምደሚያ «እዚህ ትምህርት ቤት ያለው ለፉትቦል ነው» የሚል ዓይነት ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ይህን ማለት እዚህ ቡና አይረባም እንደማለት ነው። ግን ሰሙት። በ1984 ክረምት በልዩ ጉባኤ ሀውስ ቢል 72 የሚባለው ሕግ ወጣ።

ሕጉ ብዙ ነገር አለው። የመምህራን ደመወዝ ጨመረ። በታችኛዎቹ ክፍሎች ከ22 ተማሪ በላይ በአንድ ክፍል እንዳይኖር አዘዘ። (የእኔን ክፍል ቁጥር ባልነግራችሁ ይሻላል።) መምህራኑ ራሳቸው ማንበብና መጻፍ መቻላቸው ይፈተን አለ፤ በ1986 ማርች ላይ ከ200 ሺህ በላይ መምህራን እንደ ተማሪ ተሰልፈው ተፈተኑ፣ ከመቶ 96 በላይ አለፉ፣ ንዴታቸው ግን አላለፈም።

ሕዝቡን ያንጫጫው ግን አንዲት አንቀጽ ናት፦ ያላለፈ አይጫወትም። በ6 ሳምንቱ የነጥብ ማጠቃለያ በአንድ ትምህርት እንኳ ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ የሚቀጥሉትን 6 ሳምንታት ከማንኛውም ውድድር ይታገዳል። ፉትቦል ብቻ አይደለም፣ ማርሽ ባንዱም፣ የክርክር ክበቡም፣ ከብት አሳይቶ የሚሸለመውም ገበሬ ልጅ። የፉትቦል ወቅት ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ነው። አንድ ጊዜ 69 ያመጣ ልጅ ግማሽ ወቅቱ ሄደ ማለት ነው።

ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ። የሥር ፍርድ ቤት አግዶላቸው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ሻረው። ከትምህርት ውጪ ባሉ ውድድሮች መሳተፍ መሠረታዊ መብት አይደለም፣ መንግሥት ልጆች እንዲማሩ ለማድረግ ይህን መወሰን ይችላል አለ። ገዥው ማርክ ዋይት በ1986 ምርጫ ተሸነፈ፤ ብዙ ሰው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ደንብ ነው ይላል። ለትምህርት ብሎ ሥልጣኑን ያጣ ፖለቲከኛ ስለሆነ እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ደንቡ ስለ ተማሪው ነው ተብሎ ወጣና የወደቀው መምህሩ ላይ ነው።

በ1988 ዳላስ ውስጥ ካርተር የሚባል፣ አብዛኛው ተማሪ ጥቁር የሆነ ሃይስኩል ነበር። ያን ዓመት የፉትቦል ቡድኑ የሚበገር አልነበረም። በወቅቱ መሃል የአንድ ቁልፍ ተጫዋች የአልጀብራ ነጥብ ላይ ክርክር ተነሳ። መምህሩ አላለፈም አለ። ትምህርት ቤቱ የራሱ የነጥብ አሰጣጥ ዕቅድ ነበረው፤ ክፍል ውስጥ መሳተፍና የቤት ሥራ ትልቅ ድርሻ የሚይዙበት። ርዕሰ መምህሩ በዚያ ዕቅድ ከተሰላ ልጁ አልፏል ብሎ ነጥቡን ለወጠው። ጥቂት ነጥብ ናት። ያቺ ጥቂት ነጥብ ግን የትምህርት ኮሚሽነሩ ቢሮ ደረሰች፣ ፍርድ ቤት ደረሰች፣ ጠበቆች አበላች። ኮሚሽነሩ ልጁ አላለፈም፣ መጫወት አይገባውም አለ፤ ቡድኑ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሎ ማለፉን ቀጠለ። የአንድ ልጅ የአልጀብራ ማርክ በቴሌቪዥን ዜና ሲተነተን አስቡት።

የዳላስ ጥቁር ሕዝብ ነገሩን በአንድ ዓይን አላየውም። ከ20 ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ በፊት ቆዳቸውን አይቶ በሩን የዘጋ ማኅበር ነው፤ አሁን ደግሞ ጥቁር ልጆች ሲያሸንፉ የማርክ መዝገብ ይገለጣል፣ የሌላው ሁሉ መዝገብ እንዲህ ተገልጧል ወይ ብለው ጠየቁ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው ለማለት ትናንት ያደረጋችሁት ነገር እንዲረሳላችሁ ያስፈልጋል።

ካርተር በግማሽ ፍጻሜው የኦዴሳውን ፐርሚያን 14 ለ 9 አሸነፈ። ፍራይደይ ናይት ላይትስ የሚለውን ፊልም ያያችሁ ይህን ጨዋታ ታውቁታላችሁ፤ ፊልሙ ፍጻሜ አድርጎ ነው የሠራው፣ እውነቱ ግን ግማሽ ፍጻሜ ነበር። በፍጻሜው ጀድሰን የሚባለውን ትምህርት ቤት 31 ለ 14 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ፍርድ ቤቱ ግን አላለቀም ነበር። በ1991 መጀመሪያ ዋንጫው ከካርተር ተነጥቆ ለጀድሰን ተሰጠ። እነዚያ ልጆች ሜዳ ላይ ያሸነፉትን ከሁለት ዓመት በኋላ በወረቀት ተሸነፉ።

የአልጀብራ መምህሩስ? ከካርተር ተነስቶ ወደ መለስተኛ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ተዉት፤ የነጥብ አሰጣጥ ዕቅዱን አልተከተለም የሚሉ አሉ፣ ሐቀኛ መምህር ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቁጥር ጻፈ፣ ቁጥሩ የከተማውን ዋንጫ የሚወስን ሆነ፣ ከለላ የሚሆነው ግን ማንም አልነበረም።

ቴክሳስ ደንቡን አልሰረዘችም። በ1995 አሻሻለችው። እገዳው ከ6 ሳምንት ወደ 3 ሳምንት ወረደ፤ በ3ኛው ሳምንት ነጥቡን ያስተካከለ ልጅ ይመለሳል። በዋናነት ግን የታገደ ልጅ መለማመድ ተፈቀደለት። ይህቺ ትንሽ የምትመስል ለውጥ ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ናት። በመጀመሪያው ሕግ ልጁ ሲወድቅ ከሜዳውም፣ ከአሰልጣኙም፣ ከጓደኞቹም ይለያል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ የት ይሂድ? በሁለተኛው ግን ቅዳሜ ማሊያ አይለብስም እንጂ ሰኞ ልምምድ አለበት፣ አሰልጣኙም «አልጀብራህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለቴክሳስ ብዬ አይደለም። የእኛም ትምህርት ቤት ሰሞኑን አንድ ሃሳብ ቀርቦለታል፤ በአንድ ትምህርት ከ50 በታች ያመጣ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ቡድን አይሰለፍ የሚል። መምህራን ለሁለት ተከፍለናል። ሃሳቡን የምደግፈው በሙሉ ልቤ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ያልገባ ልጅ በውድድር ሳምንት ጀግና ሆኖ በሚኒ ሚዲያ ስሙ ሲጠራ የሚያመኝ እኔንም ነው።

ግን የእኛን አገር ቁጥር እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። የክፍል ማርክ ሌላ ነው ትሉኛላችሁ፤ እኔም የምለው እሱን ነው። ልጆቻችን አገር አቀፉ ፈተና ላይ እንዲህ እየሆኑ በካርዳቸው ላይ ሁሉም የሚያልፉ ከሆነ፣ በመሃል ያለውን ልዩነት የሞላው ማን ነው? በመምህር እስክሪብቶ ነው የተሞላው። እንዲህ በለመደ እስክሪብቶ ላይ «ማሊያ የሚወስነው አንተ ነህ» የሚል ሸክም ስትጨምሩበት ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። አንድ ጊዜ ሳስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት ከግጥሚያ በፊት ባለው ሐሙስ ኮሪደር ላይ ቆመው «እንትናን እየው እንጂ፣ 4 ማርክ ምን ትጎዳሃለች?» ያሉኝ ሰው አለቃዬ ነበሩ። አልሰጠሁም። ያኔ ደንብ እንኳ አልነበረም፤ ደንብ ቢኖር ኖሮ 4ቱ ማርክ በልመና ሳይሆን በትእዛዝ ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዕድሜውንማ ባናነሳው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ9ኛ እስከ 12ኛ የሚማሩት ሁሉ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የምናየው የልደት ካርድ አብዛኛው ልጁ ከተወለደ ብዙ ዓመት በኋላ በቃል የተሞላ ነው፤ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተፋጥጠው «ይሄ ልጅ 17 ነው?» ሲባባሉ ማስረጃው ጢሙ ይሆናል።

እኔ በስብሰባው የማቀርበው ይህን ነው። እገዳው አጭር ይሁን፣ በየሦስት ሳምንቱ ይታይ። የታገደ ልጅ ልምምድ አይከልከል። መለኪያው ሲጀመር ማርክ ሳይሆን ክፍል መገኘት ይሁን፤ ስም ጥሪ በየቀኑ የሚጻፍ ነገር ነው፣ በአንድ ሐሙስ አይለወጥም። እንዳሰብኩት ማርክም ይግባበት ከተባለ ደግሞ አንድ መምህር የሞላውን ነጥብ ውድድር በቀረበ ሰሞን መለወጥ የፈለገ ሰው፣ ዳይሬክተርም ይሁን፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርም፤ ወረቀቱም ለዲፓርትመንቱ ይድረስ። የስፖርት መምህሮቻችንም ስብሰባው ላይ ይጠየቁ፣ እስካሁን ማንም አልጠየቃቸውም።

ከናንተ መካከል ኳስ ተጫዋች የነበራችሁ፣ በተለይ በሂሳብ የምትወድቁትና በኳስ ምክንያት ትምህርት ቤት ትመጡ የነበራችሁ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ስም አልጠራም። ይህ ደንብ ያኔ ቢኖር ምን ታደርጉ ነበር? ታጠኑ ነበር ወይስ ትቀሩ ነበር? አሁን አሰልጣኝ የሆናችሁም አላችሁ። እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስብሰባው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ይዤው እገባለሁ።